የቁጥር አንድ ካሴታችን ቤዝ

ጥያቄ አበዛለሁ። ልጅ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችንን «መላእክት ሲዘምሩ አልቶውን የሚይዘው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ያሾፍኩበት መስሎት ለአባቴ ከሰሰኝ። አባቴ ከከምባታ መጥቶ ነገሌ ቦረና የቀረ የሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ክሱን እስከ መጨረሻው ሰማና መነጽሩን አውልቆ ጥቂት ካሰበ በኋላ «እውነት ግን ማን ይሆን የሚይዘው?» አለ። ከአባቴ ቤትም ከብትም አልወረስኩም። የወረስኩት ይህንን ነው።

ይህ ጠባዬ ብዙ ነገር አሳውቆኛል። አንድ ጊዜ ግን፣ በጣም በሚያስፈልገኝ ቀን፣ ከድቶኛል። የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ስለ መዘምራን ቡድናችን ነው።

ቡድኑን የጀመርነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንደሆነ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ ስለነበር የምንዘምረው በየሰው ቤት መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን አፍነን ነበር። ነጻነቱ ሲመጣ መጀመሪያ የቸገረን ነገር ጮክ ብሎ መዘመር ነው። አፋችንን በሰፊው ስንከፍት እርስ በርስ እየተያየን እናፍር ነበር።

በመጀመሪያ አራት ነበርን። መሪያችን ግብርና ቢሮ የሚሠራ ቴነር ነው፤ ልምምድ በአሥር ሰዓት ከተባለ በአሥር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ጸሎት ጀምሮ፣ የዘገየውን ሰው በስሙ እየጠራ የሚጸልይለት ዓይነት። ሶፕራኖዎቹ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጆች፣ እህትማማቾች ናቸው። ሲዘምሩ እንደ አንድ ሰው ነው፤ ሲጣሉ ግን እንደ አሥር። አልቶዋ፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የምይዘው፣ እኔ ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ መዝሙሩን በየድምፁ ከፍዬ ደብተር ላይ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። ኪቦርድ አልነበረንም። ከሥር የሚይዝ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቤዝም አልነበረንም። ቤዝ የሌለው ኅብረ ዝማሬ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ነው፤ ሁሌ አንድ ጎኑ ይወዛወዛል።

ቤዝ የሚይዝልን፣ ቤዛችን፣ የመጣው ቧንቧ ሊጠግን ነው። የከተማው የውሃ ክፍል ሠራተኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳለን የግቢው ቧንቧ ፈንድቶ ተጠራ። እኛ ውስጥ እንዘምራለን፣ እሱ ውጭ ይቆፍራል። ሁለተኛውን አዝማች ስንይዝ ከመስኮቱ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ገብቶ ከእኛ በታች ተነጠፈ። ጆሮዬ ቆመ። አቋርጬ በመስኮት ብቅ ስል አንድ ረጅም ሰው እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ብሎን ያጠብቃል። እኛ ስናቆም እሱም አቁሟል።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«ምኑ?»

«አሁን የዘመርከው።»

«የዘመራችሁትማ እናንተ ናችሁ» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ተቀበልኩ እንጂ።»

አማኝ መሆኑን፣ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር እየተቀመጠ ለአንድ ዓመት ያህል አብሮን እንዳመለከ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ማን ያየዋል!

እኔ እንግዲህ እረፍት አጣሁ። ሶልፋ አልተማረ፣ ኖታ አያውቅ፣ ያንን ድምፅ ከየት አመጣው? ጠየቅሁት፣ ደግሜ ጠየቅሁት። ያደገው ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቦረናዎች ኤላ የሚሏቸው ጥልቅ የከብት ጉድጓዶች ባሉበት ነው። እዚያ ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ሥራውን የሚያስኬደው ዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ባልዲውም በዜማው ልክ ይጓዛል። ዜማው ከተዛነፈ ባልዲው አምልጦ ከታች ያለው ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ቆሟል፤ ሁልጊዜም ተቀባይ ነበር።

ስለዚህ ዝማሬ መጀመር አይሆንለትም። «እስቲ ብቻህን ዘምርልኝ» ስለው ግራ ተጋብቶ ያየኛል። «ለማን ልመልስ?» ይላል። ደግሞ ሁልጊዜ ከእኛ የእንጥፍጣፊ ያህል ዘግይቶ ነው የሚገባው። መሪያችን ይሄ ያናድደው ነበር።

«ዘገየህ!»

«ባልዲው ሳይደርሰኝ እንዴት ልቀበል?» ይለዋል እሱ፣ ከልቡ።

ያቺን መዘግየት በደብተሬ ልጽፋት ስንት ቅዳሜ ደከምኩ። በጻፍኩት ልክ ስንዘምር ነገሩ ይሞታል፤ ደብተሩን ስዘጋ ይመጣል። ሰው ግን የሚወድልን እሷኑ ነበር። በክብረ መንግሥት፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ ጉባኤ በተዘጋጀ ቁጥር እንጠራለን። በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ጠጥተን፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እንዘምራለን። እሱ ሲገባ ከሕዝቡ መካከል ሽማግሌዎች ቀና ይላሉ። አጥር ተደግፈው የሚሰሙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳ በማግሥቱ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «አካም፣ ያ ከታች የሚመልሰው ደህና ነው?» ይሉኝ ነበር። የእኔን አልቶ የጠየቀ ሰው የለም። ቀንቻለሁ፣ አልደብቅም።

ካሴት እናውጣ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ሁላችንም የየራሳችን ምኞት ነበረን። የእሱ አንድ ነበር፤ እናቱ። እናቱ እርጅና ተጫጭኗቸው ወደ ኤላው መሄድ አቁመዋል። እሱ ለትምህርት ብሎ ከቤት ከወጣ ጀምሮ የሚያዩት በዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ጊዜ ሲሰናበታቸው «ከብቶቹ ድምፅህን ረስተውታል፤ እኔም እንዳልረሳው እፈራለሁ» ብለውታል። ይህች ንግግር ከልቡ አልወጣ አለች። ካሴቱ ገና ሳይቀዳ፣ ከሞያሌ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ገዝቶ ወስዶ ሰጣቸው። «የሚመጣው ድምፄ ነው፣ ጠብቂው» አላቸው። እሳቸውም ቴፑን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ጎረቤት የሌላ ሰው ካሴት ይዞ መጥቶ እንስማበት ቢላቸው «የልጄ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይገባበታል» ብለው መለሱት አሉ።

ወደ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ተጉዘን ስቱዲዮ ገባን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፣ መሐሏ በመስታወት ተከፍሏል። ባለሙያው ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው። እኔ እንደ ልጅ ሆንኩ። ስፖንጁ ለምንድን ነው? ይሄ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ድምፅ ክር ላይ እንዴት ይጣበቃል? ምን ያልጠየቅሁት አለ! ባለሙያው በመጨረሻ «እህቴ፣ ልትዘምሪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትቀጠሪ?» አለኝ።

አሠራሩን አስረዳን። አብሮ መቆም የለም። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን መስታወቱ ውስጥ ይገባል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ የራሱን ብቻ ይዘምራል፣ በኋላ ይደራረባል። «ቤት የሚሠራው ከመሠረቱ ነው» አለ። «መጀመሪያ ቤዝ።»

ቤዛችን ገባ። ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የምትል የምት መቁጠሪያ ናት። ባለሙያው በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ቆጠረለት። ዝም። እንደገና ቆጠረ። ዝም። በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኛ ያያል፤ አፋችንን ይጠብቃል። እኛ ደግሞ እንዳንተነፍስ ተከልክለናል። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ነገር ወጣው፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተጠርቶ የሚያነብ ሰነፍ ተማሪ ይመስላል። ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ባለሙያው «በቃ፣ ይበቃል። የቀረውን በማሽን አስተካክለዋለሁ» አለውና፣ እሱ ማዳመጫውን እስኪያወልቅ ለመሪያችን «አይሆንም» በሚል ራሱን ነቀነቀለት።

በማግሥቱ መሪያችን «አንተ ጨርሰሃል፤ ከተማውን እይ» ብሎ ሸኘው። ቤዛችንም ለእናቱ ቴፕ ባትሪ ሊገዛ መርካቶ ሄደ። እሱ ሲወጣ አንድ ሌላ ወጣት ገባ። ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞረ ለየሰው ቤዝ የሚዘምር ልጅ ነው። የእኔን ደብተር አንዴ አየ፣ ዜማውን አንዴ ሰማ፣ አሥሩንም መዝሙር ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘምሮ ወጣ። እውነቱን ልናገር፤ ድምፁ ያምራል። አልዘገየም፣ አልሳተም። መሪያችን ሰበሰበንና «ለጌታ ሥራ ነው። ብንነግረው ቅስሙ ይሰበራል። ማሽን አስተካከለው እንላለን» አለ። እህትማማቾቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሐዋሳን አልፎ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ነው ነገሩ የበራልኝ። እሱ ተቀባይ ነው፤ ለምን መጨረሻ አላደረግነውም? እኛ አራታችን ቀድመን ዘምረን፣ የእኛ ድምፅ በማዳመጫው ቢገባለት ኖሮስ? ወይም አምስታችንም በአንድ ማይክ ዙሪያ ብንቆምስ? ስለ ስፖንጅ የጠየቅሁ ሴትዮ ይህንን አልጠየቅሁም። ከተማው፣ መስታወቱ፣ የባለሙያው ኮፍያ አስፈርቶኝ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በእኔ ዝምታ የቀረው የሰው ልጅ ድምፅ ነው። እሱ ከፊቴ ወንበር ላይ የባትሪውን ከረጢት ታቅፎ እንቅልፍ ወስዶታል። አፍሬ ራሴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ካሴቱ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ አምስታችንም በአንድ ዓይነት ሸሚዝ ቆመናል። ከሥር ስማችን አለ፤ በእሱ ስም ጎን «ቤዝ» ተብሎ ተጽፏል። ሞያሌ ጉባኤ ስለነበር ካሴቱን በካርቶን ጭነን በተዋስነው ፒክአፕ ሄድን። ሐሳባችን በመንገዳችን እናቱ ጋ ጎራ ልንል ነው። ከነገሌ እንደወጣን ሹፌሩ ካሴቱን አስገባው። እኔ ቤዛችንን ብቻ ነበር የማየው። አንገቱን ደፍቶ አንድ ሙሉ መዝሙር ሰማ።

«ማሽን ይሄን ሁሉ ያደርጋል?» አለ።

«ቴክኖሎጂ ነዋ!» አለ መሪያችን፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ።

እህትማማቾቹ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ መስኮት ማየት ጀመሩ። እሱ አንገቱን እንደደፋ ሁለተኛውን መዝሙር ሰማ። አውቆ ይሆን? ወይስ እውነት ማሽን መስሎት? ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር ስጠይቅ የሄድኩት ራሴን ነው።

እናቱ ቤት የደረስነው በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነው። በእሾህ አጥር የተከበበች የሣር ጎጆ፣ ደጃፏ ላይ ሁለት ጥጆች ታስረዋል። እናቱ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ባልቴት ናቸው። «ናጋ፣ ናጋ» ተባባልን፣ ሰላም ነው እንደማለት፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የመንገዱን ደህንነት ጠየቁን፣ ወተት በጮጮ ቀረበልን። ከዚያ ቴፑ ከጨርቁ ተፈታ። ልጃቸው ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ከተተ። ጎረቤቶች መጥተው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አሉ።

መዝሙሩ ጀመረ። የእኛ የሴቶቹ ድምፅ መጣ፣ የመሪያችን ተከተለ። ከዚያ ያ የአዲስ አበባው ልጅ ቤዝ ገባ፤ ጥርት ያለ፣ ያልዘገየ። ይሄኔ ቤዛችን ከእናቱ አጠገብ እንደተቀመጠ አብሮ መዘመር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በእንጥፍጣፊዋ ዘግይቶ፣ እንደ ልማዱ። ድምፅ ሲሰማ ስለሚቀበል ነው? ወይስ የሌላውን ድምፅ በራሱ ሊሸፍንላቸው ነው?

እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«አንተ ዝም በል እንጂ» አሉት በኦሮምኛ፣ ፈገግ ብለው። «ልጄን ልስማው።»

ዝም አለ።

ያንን መዝሙር እስከ መጨረሻው ሰማን። ሁለተኛውንም ሰማን። እናቱ ራሳቸውን ወደ ቴፑ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ፈገግታቸው መቼ እንደጠፋ አላየሁም፤ ሦስተኛው ሲጀምር ግን አልነበረም። በእጃቸው ዝጉት የሚል ምልክት ሰጡ። ተዘጋ። ጥጆቹ ሲያኝኩ ይሰማል። እናቱ ወደ ልጃቸው አልዞሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ፣ ምናልባት ከሁሉም በላይ የምቁነጠነጠው እኔ ስለነበርኩ።

«ይሄ ከታች ያለው ሰው» አሉኝ፣ «እናት አለችው?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ካለችው ውሰዱላት። እሷም ትጠብቅ ይሆናል።»

ከዚያ ወተቱ እንዳይተርፍ አዘዙን። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ፒክአፑ ጋ ስንደርስ መሪያችን ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ቢከፍት እንባ ቀደመው። ቤዛችን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከመርካቶ ሲመለስ፣ ከስቱዲዮው በር ላይ ሳለ የዚያን ቤዝ ዘማሪ ልጅ ድምፅ ሰምቶ ተመልሶ መንገድ ለመንገድ ሲዞር እንደቆየ የነገረን ያኔ ነው። «እሱ ጎበዝ ነው» አለ። «እኔ አቅቶኝ ነበር።» ወደ እኔ ሲዞር ግን ድምፁ ተለወጠ።

«አንቺ ጠያቂ ነሽ። ባልዲው ከምን እንደሚሠራ ጠይቀሽኛል፤ የላሞቹን ስም ጠይቀሽኛል። ‹ምን ብናደርግልህ ድምፅህ ይወጣልሃል?› ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም። እነግርሽ ነበር።»

ሞያሌ እስክንደርስ አለቀስኩ፤ ሶፕራኖዎቹ ተራ በተራ መሐረብ አቀበሉኝ።

ሞያሌ ላይ ዘመረ። ነገሌ ስንመለስ ግን ሦስት ቅዳሜ ከልምምድ ቀረ። መሪያችን ስሙን እየጠራ ይጸልያል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። በአራተኛው መጣ፤ እኔም ገና ሳይቀመጥ ጥያቄዬን ጠየቅሁት፣ ያንኑ። ጊዜ አልወሰደበትም። ድምፅ የሚቀዳውን የአባቴን ቴፕ አስመጣኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረጃ ላይ አንዳችንን ከአንዳችን በላይ አቆመን፣ ቴፑን መካከል አስቀመጠ። አንድ የኦሮምኛ መዝሙር ብቻ ዘመርን። ውስጡ የወፍጮ ቤት ጩኸት አለበት፣ የአንድ ፍየል ድምፅ አለበት። እሱም አለበት።

ብቻውን ወሰደላቸው። ሲመለስ በጥያቄ ቦረቦርኩት፤ ምን አሉ? እንዴት ሆኑ?

«‹ናጋ› ብላ መለሰች» አለኝ።

«ለቴፑ?»

«ለእኔ ነዋ።»

ከዚህ በላይ አልነገረኝም፤ እስከ ዛሬም አልነገረኝም። እናቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ቁጥር ሁለት ካሴታችንን ያወጣነው አምስታችንም በአንድ ማይክ ዙሪያ ቆመን ነው፤ ባለሙያው እያጉረመረመ። እንደ ቁጥር አንድ ጥርት ያለ አይደለም፤ ሰውም የሚወደው ቁጥር አንድን ነው፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ካሴት ማጫወቻ ከየቤቱ ጠፋ፣ አሁን ደግሞ ወጣቶቹ በስልካቸው ይቀባበሉታል። እህትማማቾቹ አግብተው አንዷ ያቤሎ አንዷ ሞያሌ ናቸው። መሪያችን ጡረታ ወጥቷል፣ ሰዓት ግን ያከብራል። ሦስታችን ነገሌ አለን፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ እንዘምራለን፤ ቤዛችን አሁንም ይዘገያል።

የእናቱ ትእዛዝ ግን ቀልድ አልነበረም። ካሴቱን እስካደርስ ድረስ ልጃቸው በሄደ ቁጥር «ለዚያች ሴት ወሰዳችሁላት ወይ?» ይሉት ነበር፤ እሱም እየመጣ ይነግረኛል። ካሴቱ በወጣ በሚቀጥለው ክረምት ለአስተማሪዎች ሥልጠና አዲስ አበባ ስሄድ ያንን በቤዛችን ፈንታ የዘመረውን ወጣት ፈልጌ አገኘሁት። «እናት አለችህ?» ስለው ፖሊስ የላከኝ መስሎት ደነገጠ። እናቱ ሻሸመኔ ነበሩ። ሥራው ይሄ መሆኑን አያውቁም፤ መዝሙር እንጀራ አይሆንም ስለሚሉ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ብሏቸዋል። ስሙ የትም ካሴት ላይ ስላልተጻፈ ውሸቱ አልተነቃበትም። «አንድ ካሴት ልስጥልህ?» አልኩት። «እሺ» አለኝ፣ «ግን እኔ ነኝ እንዳትያት። ዝም ብለሽ ስጫት።»

ስመለስ ሻሸመኔ ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። እናቱ ገበያው ዳር ድንች ይሸጣሉ። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። ልጅዎን አዲስ አበባ አውቀዋለሁ፣ እኔ ከነገሌ ነኝ፣ ይሄ የእኛ መዝሙር ነው፣ ስጦታ ነው አልኳቸው። ሽፋኑን ገለባብጠው አምስታችንን አዩና «ተባረኩ» አሉኝ፤ በጨዋነት ብቻ። አጠገባቸው ያለው ጫማ ጠጋኝ ቴፕ ነበረው፤ ካልሰማነው ብሎ ተቀበላቸውና ከተተው።

የእኛ የሴቶቹ ድምፅ መጣ። እሳቸው ለአንዲት ሴት ድንች እየመዘኑ ነው። የመሪያችን ተከተለ። ቤዙ ሲገባ ሚዛኑ በእጃቸው እንዳለ ቀረ። ድንቿን የምትገዛው ሴት አንድ ነገር ስትናገር በእጃቸው ዝም አሰኟት። መዝሙሩን እስከ አዝማቹ ሰሙ።

«ልጄ» አሉ መጀመሪያ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ ፊታቸው ግን ተቆጥቷል።

«ይሄን ሲዘምር ጉንፋን ይዞት ነበር! ከእናንተ ውስጥ ትኩስ ነገር ያጠጣው ሰው የለም?»

ስቱዲዮ ውስጥ፣ ልጁ በዘመረበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በየመዝሙሩ መሐል መስታወቱ ውስጥ ዞር እያለ በመሐረብ አፍንጫውን ሲያብስ አይቼው ነበር።

«የለም» አልኳቸው። «አላጠጣነውም።»